መሪውን የሚይዝልኝ ሰው

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ሆድሽ እንደምን አለ? ሌላው ሰላምታ ይደርሳል፤ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። እግርሽ ያብጣል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እናትሽ አንቺን በተሸከመች ጊዜ ስምንተኛው ወር ላይ መቀመጥም መቆምም ከልክሏት ነበር፤ እሷን ወጥተሽ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ባለቤትሽ ያረጋል ጤናው ደህና ነው? ቡሬ ላይ እህል እንደ ልብ ይገኛል? እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና አለን። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። የስልክ መስመሩ ከጠፋ አርባ ቀን አልፎታል። መንገዱም አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋል። ወፍጮ ቤትና ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያንና ወፍጮ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ የምንሄድበት የለንም።

ሌላ ነገር ትጠብቂ እንደሆነ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ይህ ደብዳቤ ስለ መኪናዋ ነው። የማውቀው እሱን ነው።

በታኅሣሥ ከፈረስ ቤት ከተማ ገብስ ጭኜ ስመለስ፣ ቁልቁለቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ ፍጥነት ጨመር አደረግሁ። አንዲት ጉድጓድ የግራውን ጎማ መታችው። ከዚያ የመኪናዋ ፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሪው ከእጄ ሊወጣ ግራና ቀኝ ይማታል፣ መስታወቱ ይንጫጫል። አዲስ የተጠመደ ወይፈን ቀንበሩን ሲያራግፍ አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው። እስክትቆም ድረስ አልለቀቃትም። ቆማ ስትነሣ ደግሞ ምንም ያልነካት ትመስላለች። ቤት ገብቼ መሪውን ነቅነቅ ባደርገው ጎማው ሳይሰማ አራት ጣት ያህል በባዶው ይሄዳል።

ታውቂኛለሽ፤ የሰው ጋራዥ አልገባም። ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ገጥሜ፣ ገጥሜ ፈትቼ ነው ያወቅሁት። ለአንቺም እንደነገርኩሽ፣ ፍተሻ ከርካሹ ይጀመራል፤ ስለዚህ ከጎማው ጀመርኩ። ጎሚስታው እጅጉ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረው። ነዳናት፤ ያው ናት። እጅጉ ሰው ሰብስቦ፣ «ጋሼ፣ ጎማው ጤነኛ ነው። የሚንቀጠቀጠው ሾፌሩ እንዳይሆን እርስዎ ይታዩ» አለ። ለምላሱ ፍሬን እንዲያሠራለት ነግሬው ሄድኩ።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ለሁለት ቀን ተከፈተ ተባለ። እናትሽ ቅቤውን አንጥራ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ የሕፃኑን መታቀፊያ ፈትላ አሠርታ ቋጠሮዋን ካሰረች ወር ሆኗታል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነበር የሚወለደው፤ ያ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ስለዚህ እሷ ልትመጣ ቆርጣለች። ችግሩ ግዝቱ ነው።

ግዝቱን መቼም አልረሳሽውም። የኅዳር ገብርኤል ማኅበር በእኛ ተራ የወጣ ዕለት ነው፤ ሦስት ዓመት አለፈው። ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ አንዱ፣ መኪናህ ፊቷ የሚወዛወዘው ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጎማ ነው አልኩ። አንቺ ጠላ እየቀዳሽ ነበር። ቀና ብለሽ፣ «ጎማ አይደለም አባዬ። የመሪው ሳጥን የታሰረበት ብረት፣ ሻንሲው፣ ተሰንጥቋል። ሰው አትጫንባት» አልሽ። እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለውን አላሰብኩም፤ የሰማሁት ሰው ሲስቅ ነው። ጽዋውን ይዤ ተነሣሁና በገብርኤል ገዘትኩ፤ እጅሽ የእኔን መሪ እንዳይነካ፣ እግርሽ ደጄን እንዳይረግጥ፣ ከቤቴም ሰው ማንም የአንቺን ደጅ እንዳይረግጥ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ሆነች። ሰውም ጎማ ቀየረላት፣ ዳነች አለ።

ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት አሰብኩበት። ግዝቱ የሚለው ደጅሽን ነው፤ ቡሬን አይልም። እናትሽን አክስትሽ ቤት አወርዳታለሁ፤ አንቺም እዚያ ትመጫለሽ። ግዝትም አልፈረሰ፣ እናትና ልጅም ተገናኙ። ይህን ስነግራት እናትሽ፣ «ምጡስ የት ይሁን? በሁለቱ ደጅ መካከል?» አለችኝ። መኪናዋን አስነሣሁ። ቋጠሮዋን ይዛ ገባች፤ ሄድን።

ማንኩሳ ሳንደርስ አስፋልቱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ያ ነገር መጣ። መሪው ከእጄ ወጣ። መኪናዋ ወደ ቦዩ ሄደች፤ ገለባ የተሸከመች ሴትዮ ሸክሟን ጥላ ማሳ ውስጥ ዘለለች። መኪናዋ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። እናትሽ አንድ እጇን ቋጠሮው ላይ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። በሰው እግር ፍጥነት ተመለስን። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ቋጠሮዋን ሳትፈታው ከራስጌዋ አስቀመጠችው፤ ማታ ስተኛ አየዋለሁ፣ ጠዋት ስነሣ አየዋለሁ።

መምሬ ቂርቆስ በቅሎ አለችኝ፣ ለመኪና ቢዘጋ ለበቅሎ አልተዘጋም ብለው ላኩብኝ። መኪና ደጁ የቆመ ሰው ሚስቱን ለልጇ ወሊድ በበቅሎ አይሰድም ብዬ መለስኩ። ቃሌን ከተናገርኩ በኋላ ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ አንቺም ቀንሽ እየገባ ነው።

መኪናዋን በክሪክ አነሣኋት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት፤ ኩሽኔታው ደህና ነው። ግራና ቀኙን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ትንሽ ይላወሳል። የመሪውን ዘንግ ከጎማው የሚያገናኘውን ቴስቲና አወጣሁ፣ ከቆርቆሮ ሳጥኔ ደህና አግኝቼ ቀየርኩት። በሠፈር ውስጥ ነዳሁ፤ ያው ናት። ባሌስትራውን አየሁ፣ ማሰሪያውን አጠበቅሁ፤ ያው ናት። መጨረሻ ላይ የማፍርበትን አደረግሁ፤ የመሪ ሳጥኑን ማጥበቂያ ሩብ ዙር አጠበቅሁት። ይህ የሰነፍ መድኃኒት ነው፣ ልቅነቱን ይደብቃል እንጂ አያድንም ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። መሪው ድርቅ አለ፤ ተጠምዝዞ አልመለስ አለ። መልሼ አላላሁት። እንግዲህ ሁሉንም አይቻለሁ ማለት ነው፤ ከአንድ ቦታ በቀር።

የዚያን ቦታ ፍተሻ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አንዱ መሪው ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ሲነቀንቅ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ እጁን እያንዳንዱ መገናኛ ላይ አድርጎ የቱ እንደሚንቀሳቀስ ይሰማል። ያንን መቀመጫ ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ከአንቺ ወዲህ ማንንም አላስቀመጥኩበትም። እጅጉ እኔ ልያዝልዎ ብሎኝ ነበር፤ የአንተ እጅ ከባድ ነው ብዬ ሰደድኩት።

ሰኞ ዕለት መኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለ እናትሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። በሩን ከፍታ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። ምን ልትሠሪ ነው አልኳት። «ልጄ በሰባት ዓመቷ የያዘችውን እኔ በስልሳ ዓመቴ አያቅተኝም። ግባ ከሥር» አለች። ውረጂ አልኩ። አልወረደችም። ገባሁ።

ነቀነቀችው። እጇ እንደ እጅሽ ነው፤ አይቸኩልም። እጄን ቴስቲናው ላይ አደረግሁ፤ ደህና። ዘንጉ ላይ አደረግሁ፤ ደህና። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። መሪው ግራ ሲሄድ ሳጥኑ ራሱ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ ሲሄድ ቀኝ። የታሰረበት ሻንሲ ላይ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጣቴን ከተትኩበት፤ ነከሰኝ። በቃ፣ ተይው አልኳት።

ተወችው። ቆይታ ከላይ ሆና፣ ተገኘ ወይ አለች። ተገኘ አልኩ። የት ነው አለች። ሳጥኑ የታሰረበት ነው አልኳት። ልጅቷ ያለችበት ነው አለች።

«ብየዳው ለቀቀ?» አለች።

ስለ ብየዳ አልነገርኳትም ነበር። ከሾፌር ወንበር ላይ ሆኖ የሚታይ ነገርም አይደለም።

አንድ ክንድ ብንፏቀቅ እወጣ ነበር። አልወጣሁም። ከወጣሁ ፊቷን ማየቴ ነው። ቅባቱ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከላዬ ሻንሲ ነው፣ ከጎኔ ግንብ ነው፤ ከመኪናዋ ሥር የሚታየኝ የግቢው አፈርና የዶሮ እግር ብቻ ነበር። እሷም አልወረደችም። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሦስት ዓመት አፌን የያዝኩት ላንተ ብዬ ነው፣ ልጄ ስታምጥ ግን አልይዝም አለች። ከዚያ፣ «ወይ ግዝቱን ፍታ፣ ወይ እዚያው ከሥር ክረም» አለችኝና ወርዳ ወደ ቤት ገባች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ሲሄዱ ወጣሁ።

በማግስቱ መምሬ ቂርቆስ ዘንድ ሄጄ እዚሁ በጓዳ ይፍቱኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። በአደባባይ ያሰርከውን በጓዳ ብፈታልህ ግማሹ አንገትህ ላይ ይቀራል አሉ። ማኅበሩ ነገ ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ጽዋ፤ ቆመህ ተናገር፣ እኔ እፈታለሁ። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ መንገድ ሁሉ ተዘግቷል ሲሉ ሰምተህ የለም ወይ አሉኝ።

ትናንት ማኅበሩ እጅጉ ቤት ነበር። ጾም ስለሆነ ንፍሮና ሽሮ ቀረበ። ጸሎቱ እንዳለቀ ጽዋውን ይዤ ተነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እጅጉ አይቶታል፤ አልቀለደም። «ልጄ ልክ ነበረች። ጎማ አልነበረም፤ ሻንሲው ነው» አልኩ። ከዚህ የሚበልጥ ንግግር አላዘጋጀሁም ነበር። የሚስቅ ጠፋ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መምሬ ግዝቱን ፈቱት፤ የአንቺንም፣ የእናትሽንም፣ የእኔንም።

ልቀመጥ ስል እጅጉ፣ ጋሼ መቼ ነው ያወቁት ብሎ ጠየቀኝ። ለክፋት አልነበረም፤ የሙያ ጥያቄ ነው። ሰኞ ዕለት ከሥር ገብቼ አየሁ አልኩት። እናትሽ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። መልሴ ሐሰት የለበትም። ሰኞ አይቻለሁ።

አሁን የመምሬ በቅሎ ደጅ ላይ ተጭናለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እናትሽ ናት፤ ስትደርስ ወገቧን አሻሺላት፣ ደህና ነኝ ብትልሽ አትመኛት። ቅቤው በሁለት ዕቃ ነው። መንገዱን ከሚያሳልፋት አንድ መንገደኛ ጋር እስከ ማንኩሳ በጎን መንገድ ይወርዳሉ፣ እዚያ አድረው ነገ ቡሬ ይገባሉ። ለምን አብሬ እንዳልመጣ ብትጠይቂ ጉልበቱ ነው በያት ብያታለሁ።

ስለ መኪናዋ የቀረውን ልጨርስ። መብራት ስለሌለ አልበየድኩትም። መብራት ቢመጣም አልበይደውም። ስንጥቁ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ግራ የተጋደመ። የበያጅ እጅ እንደ ጽሕፈት እንደሚለይ ታውቂያለሽ፤ የእኔንም ታውቂዋለሽ። ትናንት ከማኅበር ስመለስ ሞርጄ ላጠፋው ሞረድ ይዤ ከሥር ገብቼ ነበር። መልሼ አወጣሁት። እንዳለ ነው።

ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ካስነሣሽ በኋላ፣ መንገዱ ከፈቀደ ነዪ። ከሥር የምትገቢው አንቺ ነሽ። መሪውን እኔ እይዝልሻለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ምጥሽን የአንድ ጀንበር ታድርገው። የምትወልጂው ልጅ እጁ ያንቺ፣ ትዕግሥቱ የአያቱ የእናትሽ ይሁን፤ ከእኔ ምንም አይውሰድ። የፈታኝ አምላክ መንገዱንም ይፍታልን፣ አሜን።

አባትሽ