ከቁልፉ በፊት የነበረው ጥያቄ

ፑኔ፣ ጁላይ 14

ሙስካት ላለሽው ልጄ ረኑካ፣

ከቤትሽ ያስወጣሽ ሱሀስ ነው። የወንድሜ ልጅ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ዘመድ ሁሉ ፈርታ ሸሸች ይልሻል፤ እኔ ግን በስሙ ልጀምር ብዬ ነው።

ዝናቡ አላባራም። ቁጭ ስል መነሳት ያሰኘኛል፣ ስነሳ የምሄድበት የለኝም። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስንቴ ትቼው በረንዳ ወጣሁ።

ትናንት ሱሀስ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ መጣ። "አትያ፣ አክስቴ፣ አንቺ ካነበብሽው ማንም ያነበዋል" አለኝ፤ ያንቺን አባባል ነጥቆ። ፊደል ያስተማርሽኝ በምትሠሪው ስክሪን ላይ አይደል? "አዪ፣ እማዬ፣ ትልቁ የኮምፒውተር ጥበቃ ፕሮግራም ግቢ ነው እንበል። የእኔ መተግበሪያ በግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ነው። ይህ የጃቫስክሪፕት አጋዥ ደግሞ ከክፍሉ ወደ ዘበኞቹ መልእክት ያደርስልኛል" ስትይኝ፣ "ታዲያ እሱ እየሠራ አንቺ ለምን ትከሺያለሽ?" ብዬ አስቄሽ ነበር። "ቫይረስ ሲገባ በአንድ መስመር ብቻ የሰው ኮምፒውተር ከኔትወርክ ያስቆርጣል፤ ስለዚህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ" አልሽኝ።

ያን ጥያቄ ሱሀስ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስጠፋሽ። "ደንበኛው ፍጥነት ነው የሚፈልገው፤ አውጪው" አለሽ። አለቃሽ ነው፣ አወጣሽው። ከዚያ የደንበኛው፣ የወተት ማኅበሩ ሠራተኛ አንድም ኮምፒውተር ሳይመርጥ የመቁረጫውን ቁልፍ ተጫነ። ምንም ካልተመረጠ ሁሉም ማለት ነበርና ሁሉም ተቆረጡ። በኮምፒውተር የሚሠሩት የወተት ሚዛኖች ቆሙ፤ ገበሬዎቹ የተበላሸ ወተት መንገድ ላይ ደፉ። ሱሀስ በስብሰባው "የጻፈችው ረኑካ ናት" አለ። አንቺም የአጎቴ ልጅ ነው ብለሽ ጥፋቱን ተሸክመሽ ከአገር ወጣሽ።

ትናንት እሱ ባመጣው ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ቁልፍ ስጫነው ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? "ምንም አልመረጡም። ሁሉም ኮምፒውተሮች ይቆረጣሉ። እርግጠኛ ነዎት?" ያንቺው ቃል፣ እንዳለ።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኛ! አማረ አይደል?"

"ካማረ ያኔ ለምን አስወጣኸው?"

"አትያ ደግሞ! ያለፈውን ምን አስነሳው? ይልቅ ባክሪ የለም እንዴ?"

ቂጣውን ሰጠሁት፤ እጄ ለምዶበት ነው። እየጎረሰ "ቀሪውን ሐሙስ ታነቢልኛለሽ፤ አንቺ ሳታይው ለደንበኛ አላሳይም" ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። "የቤተሰብ ገመና ነው፣ ዋጥ አድርጊው" አለኝ። እኔም "ልጄን ዋጥኩ፤ ሌላ የሚገባበት ሆድ የለኝም" ብዬው ወጣሁ።

ክፍልሽን አከራዪ ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። ለሌላ አይደለም፣ ጣሪያው ያፈሳል።

የሰው አገር ሙቀት አይጉዳሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ፤ የሠራሽው በስምሽ ይጠራ። ሱሀስ ሐሙስ ይመጣል። አንቺ ባስተማርሽኝ ፊደል ከእንግዲህ አንዲት ቃል አላነብለትም።

እናትሽ ኢንዱማቲ