ያልቀመስሁት ጉርሻ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ወንድሜ አያሌው በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ትናንት ተያዘና ፖሊስ ጣቢያ አደረ። ጣቢያው ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም። ጠዋት እንጀራ በሽሮ በሳህን ቋጥሬ ሄድሁ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ሳህኑን ከፍቶ፣ "እትዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት" አለኝ። ደንቡ ነው፤ መርዝ እንዳይገባ ያመጣው ሰው ይቀምሳል።

"ዐቢይ ጾም አይደል ልጄ? ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም።"

"እንግዲያው ምግቡም ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃላ!"

ይዤው ተመለስሁ። ለአንድ ጉርሻ ብዬ።

ከቅዳሴ በኋላ ስሄድ አያሌው ከንፈሩ ደርቆ ጠበቀኝ። "እታለም፣ ዛሬ ቅዳሴው ረዘመሳ!" ብሎ ሳቀ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አምና ልጄን መሠረትን ጀርመን አገር ፖሊስ በመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ይዞ አንድ ሌሊት አሳድሯት ነበር። ዳቦም ብርድ ልብስም ሰጧት፤ ጠያቂ ግን አይገባም አሏት። ያን ጊዜ፣ "የሚጠይቃት ሰው እንኳ የሌላት ልጄ" ብዬ አለቀስሁ። አያሌው ግን ጠያቂ ነበረው። እኔ ነበርሁ።

ማታ ለጸሎት ቆሜ ይቅር በለኝ ካልሁ በኋላ የምቀጥለው ጠፋኝ። ጾሜን ስለ ጠበቅሁ ይባላል?

ነገም ጾም ነው። አያሌውም ገና አልተፈታም።