አብሽር የኔ ቃል ናት

ውድ ልጄ ሀፊሳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ስልክ አልደውልም ብያለሁ፣ ከቃሌ አልወጣም። መጻፍ ግን መደወል አይደለም። ፊደሌ ቢንጋደድም ታነቢዋለሽ፤ ከዚህ የባሰ የተማሪ ጽሕፈት ታርሚ የለም እንዴ?

ያ የምታስተምሪው ኳንተም ኮምፒውተር ምንድን ነው ብዬ እራት ላይ ብጠይቅሽ «ተወው አባዬ፣ ላንተ ይከብዳል» አልሽኝ። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብትኖር እንዲህ አትይኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ያኮረፍኩሽ።

ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ ዳገቱን ወጥቼ የምታስተምሪበት ግቢ፣ እንዳ ኢየሱስ መጣሁ። አላየሽኝም። ዘበኛው «ኣቦይ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ቢለኝ «መምህሯ ልጄ ናት» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ቤታችን ስታወሪ ሰማሁሽ። በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ማታ፣ ነገ ጾም ይሁን ዒድ ሳይታወቅ፣ እናትሽ ለሌሊቱ ስሑር ቂጣ ጋግራ ለዒዱም ሽንኩርት አቁላልታ ትጠብቅ እንደነበር፤ እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ጨረቃዋን ሳያት አንዱ ቀርቶ ሌላው እንደሚጸና። «የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ ቅንጣት፣ ኩቢትም እንዲህ ነው፤ እስክናየው ድረስ ሁለቱንም ይዞ ይቆያል» አልሻቸው። የኔን ጣራ፣ የናትሽን ድስት ለባዳ ዘርግተሽ አሳየሽ። ለኔ ግን ይከብዳል!

ስሙን ጠርተሽ «እሺ ኣረፋይነ» ስትይው አንዱ ተማሪ ተነሣ። «መምህር፣ ጨረቃዋ እኮ ባናያትም ወይ ወጥታለች ወይ አልወጣችም!»

ወላሂ ያ ጥያቄ አፌ ላይ ነበር። ቀደመኝ!

አንቺም ሳቅሽ። «ጎበዝ! ምሳሌው እዚህ ጋ ያነክሳል። ኩቢት ግን የደበቀብን መልስ የለም፤ ለራሱም ገና አልለየለትም።»

«አልገባኝም» አለ።

«አብሽር፣ እንደገና ልንገርህ።»

ነገርሽው። አሁንም አልገባውም፤ አሁንም አብሽር አልሽው። የቀረውን ሳልሰማ ተነሥቼ ሄድኩ።

አብሽር የኔ ቃል ናት። አይዞሽ እንደማለት፣ ከወሎ ይዤ የመጣኋት። ትኩሳት ሲያነድሽ፣ ፈተና ወድቀሽ ስታለቅሺ፣ እናትሽን ቀብረን የገባን ዕለት ላንቺ ያልኳት ናት። ለዚያ ልጅ እንደ ዋዛ ሰጠሻት። ቀናሁ ልጄ። በዚህ ሽበት፣ በተማሪ ቀናሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እቤት ነኝ። ነይልኝ ብዬ አልለምንም፤ በሩን ግን አልቆልፈውም። አንድ ጥያቄ አለችኝ። እዚህ አልጽፋትም፣ ያ ልጅ ደግሞ ይቀድመኛል። ስታስረጂኝ አልገባኝ ካለ አብሽር በይኝ።

ቢገባኝም በይኝ።

አባትሽ ኑርሁሴን