ደቦ የጠራ ልጁን አያስቀርም

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሸሪፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ወገብዎ ተሻለዎት? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለ? ከመኪናው እንደወረዱ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጠጡ ብላለች እማዬ። እሷ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅዎ ኢክራማ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች።

ይህን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩዎት ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። ገና ግማሹን ሳልናገር «በቃ መሊካ!» ብለው እንደሚዘጉት አውቃለሁ። ወረቀት ግን ያስጨርሰኛል ብዬ፣ ወደዚያ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለራህመት ይህን ደብዳቤ ሰጠኋት።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከአጣዬ በኩል ተፈናቅለው የመጡ፣ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። አንዷ ናጅዋ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ስሟን መጻፍ አትችልም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ከክፍል በኋላ እነዚህን ልጆች ማንበብ እንዲያስተምሩ አዲስ ፕሮግራም ታሰበ፤ ኃላፊነቱም እኔ ላይ ወደቀ። በጎ ፈቃደኛ ካልተገኘ ልጆቹ በዕድሜያቸው ክፍል ይመደባሉ። ማንበብ ሳይችል አምስተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይቀራል።

በሰልፍ ላይ ተናገርኩ፣ በየክፍሉ ዞርኩ፣ ለመንኩ። እጁን የሚያወጣ ጠፋ። አንዱ ማሽላችን እሸት ይዟል፣ ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ ይላል፤ ሌላው የመስኖ ተራችን ማታ ማታ ነው ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ቤተሰብ አይፈቅድም አሉኝ። ርእሰ መምህሩ አቶ ዳዊት እንኳ፣ ተስፋ መቁረጥ የማያውቁት ሰውዬ፣ እስከ ኅዳር መግቢያ ካልሞላልሽ ይቅር አሉኝ። እኔ ግን እልህ ያዘኝና ወላጆችን አሰባሰብኩ።

እዚያ ነው የተዋረድኩት። ከመስጊዱ ጀርባ ያሉትን ሽንኩርት አምራቹን አቶ አብዱልፈታህን ያስታውሷቸዋል። ከአላህ ስለሚገኘው አጅር፣ ስለ ወገን ስናገር ቆይቼ ስቀመጥ ብድግ አሉና፣ መምህርት፣ ደቦ ጠርተሽናል፣ እሺ፤ በእኛ አገር ግን ደቦ የጠራ ሰው የራሱን ልጅ ከፊት ያሰልፋል እንጂ ቤት አስቀምጦ የሰው ልጅ አያሳጭድም፤ ኢክራማ የታለች? አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቷ ከክፍል ቀጥታ ወደ ቤት ትመለስ ብለዋል ልበል? እሷ ከገባች ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን እሰጣለሁ፣ ካልገባች ደጄን አትርገጪ ብለው ተቀመጡ። ሌሎቹም የሚያዩት የእሳቸውን አፍ ነው። ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። አምና መንገዱ ተዘግቶ ኢክራማ ደብረ ሲና ስትቀር፣ ስልክም ተቋርጦ እንቅልፍ አጥተው እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ወደ ጣርማ በር ተራራ ሽቅብ እያየሁ አልቅሻለሁ። አሁንም ሁሉ ሰላም ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ተኩስ የሚሰማበት ቀን አለ። እንዲያ ባለ ቀን ግን ትምህርትም የለም። በሌላው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሳለን፤ አብሬያት እመለሳለሁ፣ ከዓይኔ አትርቅም።

ባለቤትዎ ሰሊማ እኔ የለሁበትም፣ ለአባቷ ጻፊለት አለችኝ። ልጅቷ ራሷ ትፈልጋለች፤ በእረፍት ሰዓት ናጅዋን ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀምጣ ፊደል ታሳያታለች። ከክፍል በኋላ ግን አባቴ ካልፈቀደ አንድ እግሬን አላነሳም ብላኛለች። ያሳደግናት እንዲህ ነው፣ ምን ላድርግ! እኔም ከቃልዎ አልወጣም። እምቢ የሚሉ ከሆነ ግን እምቢታዎን በእኔ በኩል አይላኩት፤ ደውለው ለራሷ ይንገሯት። እኔ አፌ አይችልም።

እማዬ ዱዓዋን ልካልዎታለች። ሰሊማን ናፍቀዋታል፣ መናገሬን አይንገሯት እንጂ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው። ትንሹ ሱፍዋን ጫማዬን አደራ ይላል፤ እግሩ ስላደገ አንድ ቁጥር ይጨምሩለት። ኢክራማ እጅዎን ስማለች።

ናጅዋም ሰላም ብላለች። ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስነግራት፣ የአስተማሪዬ አባት እንዴት ነዎት በይልኝ አለች። ፈቃድዎ ገና እንዳልመጣ አልነገርኳትም።

እህትዎ መሊካ
ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.