በኮብልስቶኑ መሃል ያስፈሰስኩት ሲሚንቶ

ሰኞ
ጎርፉ እማማ የሻረግ ቤት ገባ። ድንች ያስቀመጡበትን ጓዳ ሞላው፤ የኋላው ግድግዳም ግማሹ ተንዷል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ከአዲሱ ኮብልስቶን ግርጌ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መንገዱን ያሠራሁት መሐንዲስ ደግሞ እኔ። ልጠይቃቸው ብሄድ «አንተማ ምን ታደርግ ልጄ፣ ዝናቡ ነው እንጂ» አሉኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ። እንጅባራ ላይ ዝናብ የጀመረው ዘንድሮ ነው እንዴ?

ማክሰኞ
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት መሞላት የነበረበት በአሸዋ ብቻ ነው፤ ውሃው በዚያ በኩል ወደ መሬት እንዲሰርግ። ፕላኑ እንደዚያ ይላል፣ ፕላኑን የሠራሁትም እኔው ነኝ። ለምረቃው እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ግን ከአሸዋው ሣር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። አፈርኩ። ሲሚንቶ በጥብጠው እንዲያፈሱበት አዘዝኩ። የድንጋይ አንጣፊዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ትዕግሥት «ኢንጂነር፣ ውሃው በየት ይግባ ታዲያ?» ብላኝ ነበር። «አንቺ ድንጋይሽን አንጥፊ» አልኳት። እንግዶቹ መንገዱ አማረ ብለው አጨበጨቡ።

ረቡዕ
ስለ ጎርፉ ቢሮ ስብሰባ ተደረገ። ማኅበሩ በራሱ ፈቃድ ሲሚንቶ ጨምሯል ተባለ። የሚቀጥለውን መንገድ ሥራ ሊነጠቁ ነው፤ ክረምቱን የሚበሉት በእሱ ነበር። ትዕግሥት ከጥግ ሆና አየችኝ። ያዘዝኳት በቃል ነው፣ ወረቀት የለም። ወረቀት እንደሌለ ስለማውቅም ነው ዝም ያልኩት። እህል አልወርድ አለኝ ብል ውሸት ነው። ምሳዬን በላሁ።

ሐሙስ
ዝናቡ ሲጀምር ወደ መንገዱ ወረድኩ። አንድ ጠብታ እንኳ አይሰርግም፤ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ እማማ የሻረግ ደጅ ይንደረደራል። ትዕግሥትና ጓደኞቿ ማንም ሳያዛቸው ከቤቱ በላይ ውሃ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራሉ። ጠርዙ እንዳይናድ ሣር ከነሥሩ ይተክሉበታል። ለአካፋ እጄን ዘረጋሁ። «ከአንተ የምንፈልገው ጉልበት አይደለም» አለችኝ። ተመለስኩ።

ዓርብ
ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ለቢሮው ኃላፊ ነገርኩት። «በል ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም። ማኅበሩ ግን ሥራውን አይነጠቅም፤ ኃላፊው እዚያው እያየሁት ደውሎ ለትዕግሥት ነገራት።

ከዚያ ወደ እማማ የሻረግ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሰኞ ስትመጣ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።
«አዎ፣ አውቅ ነበር።»
«ከግድግዳዬ ይልቅ የከፋኝ እሱ ነው» አሉና ገቡ።

ቅዳሜ
ከትዕግሥት ጋር ሲሚንቶውን በመሮ ስንፈለፍል ዋልን። መዳፌ ተልጧል። ያጸዳነው ትንሽ ነው፣ ከእማማ የሻረግ በር ፊት ያለውን ብቻ፤ አሸዋ መለስንበት። ከሰዓት ዘነበ። ቆመን አየን፤ ውሃው ሰረገ። ትዕግሥት ሳቀች።

እማማ የሻረግ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እሷን «ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አሏት። እኔን አልጠሩኝም። መሮዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ዞርኩ።