ለቪትዟ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ለእኔም እንዲቀመጡ

ለክቡር አባቴ ለአቶ አሰግድ
አሰላ፣ በራችን ላይ በቆመችው ቪትዝ የፊት መስታወት በኩል

ከሁሉ አስቀድሜ የቪትዟን ጤና፣ ቀጥሎም የእርስዎን ጤና እጠይቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት ጠዋት ሲነሱ እርስዎ ከሚያደርጉት ተምሬ ነው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ምናልባት ሊጠይቁኝ አስበው ከነበረ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙሬ ያስቀመጥኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ እንደማልወጣ፣ ፊትዎ ቆሜም ሁለት ቃል እንደማልናገር ያውቃሉ። ነገር ግን እርስዎ ሳያዩት የማይውሉት ቦታ ይህ መስታወት ብቻ ስለሆነ፣ ለመታየት ሌላ መንገድ አላገኘሁም። አላፊ አግዳሚውም ቢያነበው ግድ የለኝም፤ ፊቴን ስለማያውቁት አላፍርም።

አንደኛ፣ ቪትዟ የጢቾን ዳገት ስትወጣ፣ ማርሽ በቀየረች ቁጥር መንገጫገጭ የጀመረች ጊዜ፣ የካምቢዮዋን ዘይት በጣትዎ ነክተው አሸተቱ፤ ቀይ መሆን የነበረበት ለምን እንደጠቆረም ወደ ብርሃን አውጥተው መረመሩ፤ እራትዎንም ሳይበሉ ተኙ። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ቀርቼ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ወደ ብርሃን አውጥቶ የመረመረኝ ሰው የለም። ሆኖም አመሰግናለሁ፤ አባቴ ስለ አንድ ነገር መጨነቅ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው።

ሁለተኛ፣ የዘይት መለኪያውን የሚጠርጉበት ጨርቅ የትምህርት ቤት ሹራቤ የቀኝ እጅጌ ነው። ለስላሳ ስለሆነና ብናኝ ስለማይጥል መርጠውታል። ምርጫዎ ትክክል ነው፤ እኔም ስለብሰው አንድም ቀን ብናኝ ጥሎብኝ አያውቅም።

ሦስተኛው የሽምግልናው ነገር ነው። ቪትዟን ከተገዛች ጀምሮ የሚጠግናት ጋሽ ሁሴኖ፣ ዘይቱ ከሥር ይፍሰስ፣ በወጣው ልክ አዲስ ይሞላ፣ ትንሽ ተነድቶ ደግሞ ይደገም አለ፤ ባረጀ ካምቢዮ ውስጥ የተኛውን ቆሻሻ በግፊት መቀስቀስ አይገባም ብሎ። ከአዳማ የካምቢዮ ማጠቢያ ማሽን ያስመጣው አጎቴ ባንተአምላክ ደግሞ፣ ማፍሰስ ከፊሉን ብቻ ስለሚያወጣ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል፣ ማሽኑ ግን ሁሉንም ገፍቶ ያጥበዋል አለ። ጋሽ ሁሴኖ ካምቢዮ ምንጣፍ ይመስልሃል ወይ ሲለው፣ አጎቴ አንተ የምታፈሰው ዘይት ሳይሆን የሰው ጊዜ ነው ብሎ መለሰለት፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። እርስዎም ሁለቱን እንዳያጡ አቶ ገብረ መድህንንና ሀጂ ሰኢድን ለሽምግልና ለምነው ሳሎናችን አስቀመጧቸው።

ሻይ አቅርቤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ስለ እርሷ ብዙ ጠየቁ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ከዚህ በፊት ማን ነካት? የምትለፋበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? ቶሎ ትሞቃለች ወይ? ሲበዛባት ምን ዓይነት ድምፅ ታሰማለች? እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እያንዳንዱን ጥያቄ ስለ ራሴ በልቤ መለስኩ። የመጨረሻውን ብቻ መመለስ አቃተኝ፤ እኔ ሲበዛብኝ ድምፅ አላሰማም።

የእኔ ጉዳይ የተወሰነው እርስዎ እጅዎን ሲታጠቡ ነበር። እናቴ ወገቧን ስለታመመች ሮሐ ለጊዜው ቤት ትቀመጥ አሉና ፎጣ ጠየቁኝ፤ እኔም አቀበልኩ። እናቴ ከፋሲካ ወዲህ ድና የሱቃችንን ጆንያ ራሷ ታነሳለች። ለጊዜው የተባለው ጊዜ ግን እስካሁን አላለቀም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ሽማግሌዎቹ ማንም እንዳይከፋው ብለው፣ ጠዋት ጋሽ ሁሴኖ ያፍስስ፣ ከሰዓት አጎቴ በማሽን ይጠብ ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ባለሙያዎች መሬት መሬት አዩ፤ የሽማግሌ ቃል ግን አይሰበርምና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ፣ እንደተባሉትም አደረጉ። እርቁ ሰመረ፤ መኪናዋ ቆመች።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ የነሐሴ ምዝገባ ሳያልፍ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለእኔም እንዲያስቀምጡልኝ ነው። ሻዩን እኔው አቀርባለሁ። በዚህኛው ግን ሁለቱንም ወገን እናስደስት ብለው ግማሽ ቀን ጓዳ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ብለው እንዳይፈርዱብኝ አደራ፤ የዚህ ዓይነቱ ፍርድ የት እንደሚያደርስ በራችን ላይ ቆሞ ይታያል። አንዱን ይምረጡልኝ። እጅጌውን እኔ እሰፋዋለሁ፤ የዘይት ሽታውንም እችለዋለሁ።

ጎማዎ እንዳይተነፍስ፣ ዳገቱም እንዲቀልልዎ እየተመኘሁ፣ በዚህ ቤት ከቪትዟ ቀጥሎ የእርስዎ የሆንኩ

ልጅዎ ሮሐ አሰግድ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ዛሬ ጠዋት እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አጎቴ ቪትዟን አስነስቶ ሞክሯት ነበር። ወደ ፊት እምቢ ብላ ወደ ኋላ ብቻ ሄደች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀናሁባትም፤ እንዲያውም እንደ እህት አዘንኩላት። ከዚያ በኋላ ግን እርስዎ ወደ ፊት እንድትሄድ ብለው ነገ ከአዳማ ሌላ ባለሙያ እንደሚያስመጡላት ሰማሁ፤ ቅናቴም ወደ ቦታው ተመለሰ።