ሽማግሌውን ኮከብ ማን ስጥ አለህ?

ይድረስ ከባሕር ማዶ መስቀጥ ላለው ታናሽ ወንድሜ ለሳብዛል። አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሻሪ፣ ልጃችሁ ኖዳን እንዴት ናቸው? ሙቀቱ በርዶላችሁ እንደሆነ እናታችን ደጋግማ ትጠይቃለች። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ያልኩህ ስለ ጤናችን ነው። ከዚህ በታች ያለው ንዴት ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

የመንደሩ ስልክ ያለው ቢጃር ሱቅ ውስጥ ስለሆነ በቃል ልነግርህ አልቻልኩም። አንተ ግን እዚያው ደውለህ፣ ከቢጃር ጋር ስትሳሳቅ፣ አባታችን የተወልንን፣ ከተራራው ሥር በመሬት ውስጥ ቦይ የሚመጣውን የካሬዝ ውሃ ተራ እኩሌታውን ሰጠኸው።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ። ባለፈው ተራችን ጀንበር እንደጠለቀች አካፋዬን ይዤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ሽማግሌው ከምሥራቁ ተራራ ጫፍ ብቅ አለ፤ ያው እንደምታውቀው ደብዘዝ ያለ፣ ብርቱካን የመሰለ ኮከብ ነው። እንደ ወትሮው ወደ ቢጃር የሚሄደውን ዘግቼ ወደ እኛ ልከፍት ጎንበስ ስል ቢጃር አካፋዬን ያዘ። የውሃ አባት ነኝ ብሎ መቼም የማይዘው ነገር የለም።

“እህቴ፣ ከእንግዲህ ተራሽ የሚጀምረው ነጩ ኮከብ ሲወጣ ነው። ይሄኛው አርጅቷል፤ እንኳን ውሃ ሊያስጀምር ለራሱም መሪ ያስፈልገዋል” አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ።

“አንተስ አርጅተህ የለ እንዴ ቢጃር? ከውሃ አባትነት ማን አነሳህ?” አልኩት። አሁን ደግሞ በእርሱ ሳቁ። እርሱ ግን አልሳቀም። አንተ እንደፈቀድክለት፣ “ትልቁን ኮከብ ካገኘን ምን ጎደለን” እንዳልከው ነገረኝ። ነጩ እስኪወጣ ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ፤ ውሃው ዓይኔ እያየ ወደ ቢጃር ቴምር ሄደ።

ትልቁን ኮከብ! ተራ የሚለካው በኮከብ ድምቀት ነው እንዴ? ውሃችን ሰማያዊው ኮከብ ሲወጣ እንደሚያልቅ ከሕፃንነትህ ታውቃለህ። መጀመሪያው ወደ ኋላ ተገፋ፤ መጨረሻው ባለበት ቀረ። በሽማግሌውና በነጩ መካከል የሚፈሰው ውሃ ለማን እንደሚሆን እንኳ አልጠየቅህም። ከእኛ በፊት ባለተራው ማን እንደሆነ መስቀጥ ሆነህ ረሳኸው?

ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ሲያረጁ እያበጡና እየቀዘቀዙ እንደሚሄዱ፣ መልካቸውም ለዚህ እንደሚቀላ አንብቤአለሁ። ስለዚህ ቢጃር አርጅቷል ማለቱ ሐሰት አይደለም። ግን እርጅናው ከእኛም ከልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ ይረዝማል፤ መውጫውንም አልሳተም። የማያየው ሰው ካለ ዓይኑን ይታከም።

ያንተን ድርሻ ብትሰጥ ያንተ ነው። ከተራው የመጀመሪያው ሢሶ ግን የማህጋንጅ ነው ብሎ አባታችን በውሃ ተካፋዮቹ ጉባኤ ፊት ተናግሯል፤ አንተም አጠገቡ ተቀምጠህ ነበር። የእኔን ማን ስጥ አለህ? ውሃው የላይኛውን መደብ ሳይጨርስ ቆሞ የታችኛው ባቄላ ጠውልጎ ነበር።

ትናንት ተራችን ሲደርስ አልተቀመጥኩም። ሽማግሌው ብቅ እንዳለ የቢጃርን ዘጋሁና ወደ እኛ ከፍቼ የቦዩ መክፈቻ ላይ ቆምኩ። ቢጃር ሴት ገፍቶ ማንሳት ነውር ሆኖበት ዳር ቆሞ ሲሳደብ አመሸ። ባቄላው ጠጣ። በሚመጣው ወር ጉባኤ ግን ከካሬዙ ሊያስወጣኝ ዝቷል፤ በእጁ ያለው ማስረጃ ያንተ ፈቃድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ አትላክልኝ፣ ይቅርታም አልፈልግም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁ በሰው ሲሞላ ለቢጃር ደውል። ፈቃድህን እንዳነሳህ፣ ተራችን እንደ ጥንቱ ሽማግሌው ሲወጣ እንደሚጀምር ሰው ሁሉ እየሰማ ንገረው። ባትደውልም እዚያው መክፈቻ ላይ እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ወንድም አለኝ አልልም።

ሻሪን ሰላም በልልኝ፤ በእርሷ ቅሬታ የለኝም። ኖዳንን ጉንጩን ሳምልኝ። ጎረቤታችን ዱርዳና ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። እናታችንም እየመረቀች ሰላም ትልሃለች። ምን እንዳደረግህ አልነገርኳትም፤ ከደወልክ አልነግራትም።

እህትህ ማህጋንጅ
ግርኩክ መንደር፣ መክራን
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን